«ለምን አደረገው?» ማለትና ፍርድ መስጠት



«ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ጊዜ፣ ማለትም በ2003 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ዓመታት፣ ጎብዬ አውራ ጎዳናው ዳር ካለ ሻይ ቤት ያመሸ ሰው ሁለት ድራማ አይቶ ይወጣ ነበር። አንደኛው በቴሌቪዥኑ የሚታየው ነው። ሁለተኛው ቴሌቪዥኑ ከተዘጋ በኋላ የሚጀመረው ክርክር ነው።

የክርክሩ ዋና ርዕስ ተዋናይ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ነበር። ሀብታም ነው፤ አንደበቱ ጣፋጭ ነው፤ እጁ ግን ንጹሕ አይደለም።

«ለገንዘብ ብሎ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው!» ይላል አንዱ።

«ተው ልጄ፣ ገንዘብማ ሞልቶታል። ፈርቶ ነው። አንዴ የበደለ ሰው የፊተኛውን ለመሸፈን ሌላ ይበድላል» ይላሉ ምርኩዛቸውን የተደገፉ አዛውንት።

«አይ አባባ፣ አንቱ ደግሞ አዘኑለት እንዴ! ክፋቱ በደሙ ያለ ነው» ይላል ሦስተኛው።

ይህን ክርክር የሥራ ፈት ወሬ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ነገ ክፍል ይዘን የምናስተምር ዕጩ መምህራን ከዚህ ክርክር የምንማረው ትልቅ ነገር አለ።

1. ያየነውና የገመትነው

ሦስቱም ሰዎች ያዩት አንድ ድራማ ነው። ታዲያ ለምን ተለያዩ? የተለያዩት ባዩት ነገር ሳይሆን በገመቱት ነገር ነው። በልብ ወለድ መጽሐፍ ደራሲው ከፈለገ የገጸ ባሕርዩን ሐሳብ ገልጦ ይነግረናል። በቴሌቪዥን ድራማ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ሦስት ነገር ነው፤ እነሱም ገጸ ባሕርዩ የሚያደርገው፣ የሚናገረው፣ ሌሎችም ስለ እሱ የሚናገሩት ናቸው። የሚናገረው ደግሞ ውሸት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ለምን አደረገው?» ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ግምት ነው።

ይሁንና ግምት ሁሉ እኩል አይደለም። ጥሩ ግምት የገጸ ባሕርዩን ብዙ ድርጊቶች አያይዞ ያስረዳል። የአዛውንቱ ግምት ከመጀመሪያው ሰው ግምት የሚበልጠው ለዚህ ነው፤ ሀብት የሞላው ሰው ለምን እንደማይቆም ያስረዳል። «በደሙ ነው» የሚለው ግን ምንም አያስረዳም። ለየትኛውም ድርጊት፣ ለየትኛውም ሰው የሚለጠፍ መልስ ነው። ከዚያም አልፎ የአንድን ሰው ጥፋት ወደ ዘሩ ያዞራል።

2. ሐሳብና ገፊ ምክንያት

እነዚህ ሁለት ቃላት ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። አንድ ሰው ከሱቅ ዳቦ ሰረቀ እንበል። የሌላ ሰው መሆኑን እያወቀ ለመውሰድ መፈለጉ ሐሳቡ ነው። ርቦት ከሆነ ረኃቡ ገፊ ምክንያቱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ስለ ሐሳብ በአንቀጽ 58 ይደነግጋል። ከባድ የሰው ግድያን በሚመለከተው በአንቀጽ 539 ደግሞ ገዳዩን የገፋፋው ምክንያት ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ ነው። እንግዲህ ገፊ ምክንያት የጥፋቱን ክብደት ለመመዘን ይጠቅማል። «አድራጊው ማን ነው?» ለሚለው ግን ማስረጃ ያስፈልጋል።

3. ምክንያት ያለው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም

«ዳላስ» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ጄ.አር. የሚባል ተንኮለኛ የነዳጅ ዘይት ከበርቴ ነበር። መጋቢት 12 ቀን 1972 ዓ.ም. በታየው ክፍል ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ተኩሶ አቆሰለው። መልሱ የተሰጠው ኅዳር 12 ቀን 1973 ዓ.ም. ነው። ስምንት ወር ሙሉ ተመልካቹ በየአገሩ «ማን ተኮሰ?» እያለ ሲከራከር ቆየ። ክርክሩ ያላለቀው ደግሞ ፍንጭ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ጄ.አር. ያላስቀየመው ሰው ስላልነበረ ሁሉም ምክንያት ነበረው። በመጨረሻ የተኮሰችው የሚስቱ እኅት ክሪስቲን ሆና ተገኘች። ስለሆነም ምክንያት የነበራቸው ብዙዎች ነበሩ፤ የተኮሰችው ግን አንዲት ሴት ናት።

የሌላ ዓይነት አወቃቀር ያላቸውም አሉ። ፒተር ፎክ መርማሪ ሆኖ የተጫወተበት «ኮሎምቦ» አብዛኛውን ጊዜ ገዳዩን ከመጀመሪያው ያሳየናል። ያን ጊዜ ጥያቄያችን «ማን?» መሆኑ ቀርቶ «በምን ማስረጃ ይያዛል?» ይሆናል። እኛ እያወቅን እንኳ መርማሪው እስኪያረጋግጥ ድረስ ይደክማል።

4. ከራሴ የደረሰ

ይህን ሁሉ የምጽፈው አዋቂ ሆኜ አይደለም። ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎቼ ኳስ ለመግዛት ያዋጡት 40 ብር ጠፋ። እኔም «ከሁሉ የቸገረው ማነው?» ብዬ አሰብኩ። አባቱ የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ አንድ ልጅ ነበር። በዚያን ቀን በዕረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ምክንያት አለው፤ አጋጣሚ አለው፤ በቃ፣ ፈረድኩ። በጓደኞቹ ፊት አስነስቼ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋች ቦርሳውን ፈተሽኩ። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ብቻ ወጡ።

«ጋሼ፣ ውስጥ የቀረሁት ምሳ ስላልያዝኩ ነው» አለኝ። ሌሎቹ ሲበሉ ማየት ከብዶት ነው ለካ!

ብሩ በማግስቱ ተገኘ። ራሴ በስም መጥሪያው መዝገብ ሽፋን ውስጥ አስቀምጬ ረስቼው ኖሯል። ክፍሉን ሰብስቤ ይቅርታ ጠየቅሁ። ልጁ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ትምህርት ቤት አልመጣም። በአራተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ይዤ ቤቱ ድረስ ሄጄ መለስኩት። ከዚያ በኋላ በክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ ለማየት ብዙ ሳምንታት ጠብቄአለሁ።

አባቶቻችን ወንጀለኛ የሚፈልጉባቸው ልዩ ልዩ መንገዶች ነበሯቸው። በአውጫጭኝ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ ይደረግ ነበር። በሌባሻይ ግን አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ከሚወድቅበት ቤት ሌባው እዚያ ነው ይባል ነበር። ሌባሻይ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኔ ግን በዚያ ቀን ሌባሻዩን ሆኜ በድሀ ልጅ ደጃፍ ላይ ወደቅሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት ከክፍል በር ውጭ የሚቀር አይደለም።

5. በክፍል ውስጥ እንዴት እንጠቀምበት?

ሀ. ተማሪዎች የሚያውቁትን አንድ ድራማ ይምረጡ። ቴሌቪዥን በሌለበት ቀበሌም አብሽሩ! ሌባ ወይም አታላይ ያለበት ተረት ይበቃል።

ለ. ሰሌዳውን በሦስት ዓምድ ይክፈሉ፤ «ያየነው»፣ «ሲባል የሰማነው»፣ «የገመትነው» የሚሉ ርእሶችም ይስጧቸው። እያንዳንዱ ተማሪ የሚናገረው በየትኛው ዓምድ እንደሚጻፍ ራሱ ይወስን።

ሐ. ግምት ለሚያቀርብ ተማሪ «በምን አወቅህ?» የሚል ጥያቄ ይቅረብለት። «መልኩ ያስታውቃል» ወይም «ዘሩ ነው» የሚል መልስ ከሰሌዳው ላይ አይጻፍ።

መ. በመጨረሻ ከክፍሉ ግምት ጋር የማይስማማ አንድ ነገር ይፈለግ። ከተገኘ ግምቱ ይሻሻል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በቅርቡ ካያችሁት ድራማ አንድ ገጸ ባሕርይ መርጣችሁ፣ ለድርጊቱ ሁለት የተለያዩ ገፊ ምክንያቶች ስጡ። ብዙ ድርጊቶችን የሚያስረዳው የትኛው ነው?

2. ከላይ በተጻፈው የክፍል ታሪክ ውስጥ መምህሩ ያየው ምንድን ነው? የገመተውስ?

3. ብሩ ባይገኝ ኖሮ መምህሩ ምን ማድረግ ነበረበት?

ሦስተኛውን ጥያቄ ሳትዘሉ ሥሩት። በድራማ ውስጥ ብዙውን ጊዜ መልሱ በመጨረሻው ክፍል ይመጣል። በትምህርት ቤት ግን የጠፋ ነገር ጠፍቶ የሚቀርበት ቀን ብዙ ነው።