ፓምፑን ከማስፈታትህ በፊት

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ ሰው፣ መኪና እዚያ መሐል ጉልበት ስታጣ ምን እንደሚሰማ አይጠፋውም። 3ኤል ሞተር ያላት አሮጌዋ ሂሉክሴ በሁለተኛ ማርሽ እየተንገጫገጨች ቆመች። ትንሽ አርፋ ተነሣች፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ካልተገፋች አልነሣም አለች። ጋራዥ ወሰድኳት፣ «ፓምፑ አልቋል» ተባልኩ፣ ፓምፑ ተፈትቶ ታደሰ፣ ብዙ ገንዘብ ወጣ። በሳምንቱ ያው ችግር ተመለሰ። ጥፋቱ የተገኘው የናፍጣ ፊልትሮው ራስ ላይ ካለችው የእጅ ፓምፕ ውስጥ ነው፤ አንዲት ኦሪንግ ደርቃ ተሰንጥቃ ነበር።

የምጽፈው 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተር ላላቸው የናፍጣ ሂሉክሶች ነው። ኮመን ሬል የሆኑትን አዳዲሶቹን በዚህ መንገድ አትንካ፤ በእነሱ ቱቦ ውስጥ ግፊቱ ከ1000 ባር ያልፋል።

መጀመሪያ ጭሱን እይ። ጉልበት ስታጣ ጥቁር የምታጨስ ከሆነ ናፍጣ አላነሳትም፤ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ተመልከት። ጉልበቷ እየጠፋ ጭስ ከሌላት ግን ናፍጣ እየደረሳት አይደለም። የሳልባትዮውን ክዳን ክፈት፤ አየር «ፍሽሽ» ብሎ ወደ ውስጥ ከገባ መተንፈሻው ተደፍኗል። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ውኃውን አፍስስ፣ ፊልትሮውም ከቆየ ቀይረው። ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ የምትጠቀም ከሆነ ይህን ቶሎ ቶሎ አድርግ።

እኔን ያሳሳተኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ እባክህ ረጋ ብለህ አንብበው። በእነዚህ መኪኖች ሳልባትዮ ውስጥ ናፍጣ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የለም። ሞተሩ ላይ ያለው ኢንጀክሽን ፓምፕ ራሱ ነው ከኋላ ድረስ የሚስበው። ስለዚህ ከሳልባትዮ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር በሙሉ የሚሠራው በመሳብ እንጂ በመገፋት አይደለም። እዚያ መስመር ላይ ቀዳዳ ቢኖር ሞተሩ እየሠራ ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። እኔ እርጥብ ቦታ ስፈልግ ሁለት ቀን ከመኪናዋ ሥር ተኛሁ። ሁሉም ደረቅ ነበር። ደረቅ ሆኖ ስላየሁት «መስመሩ ደህና ነው» አልኩ፤ ፓምፑን ያስፈታኝም ይኸው ነው። ደረቅ መስመር ደህና መስመር ማለት አይደለም።

አየር መግባቱን ለማረጋገጥ ጠዋት ከማስነሣትህ በፊት የእጅ ፓምፑን እስኪጠነክር ምታ። ብዙ ከመታህ በኋላ ብቻ ከጠነከረና መኪናዋም ወዲያው ከተነሣች፣ ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ሳልባትዮ ሲመለስ አድሯል ማለት ነው። ቦታውን ለማግኘት ደግሞ አንድ ስንዝር የሚሆን ናፍጣ የሚችል ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ግዛ። ከፊልትሮው ወደ ፓምፑ በሚሄደው መስመር ላይ አስገባውና ሞተሩን አስነሣ። ስትገጥመው የገባው አየር እስኪወጣ ጠብቅ፤ ከዚያ በኋላም አረፋ ካላቋረጠ ቱቦውን ከፊልትሮው በፊት ወዳለው መስመር አዛውረው። እዚያ ንጹሕ ከሆነ ሌባው ፊልትሮው ራስ ላይ ነው፦ የእጅ ፓምፑ፣ የፊልትሮው ጎማ፣ ወይም ከሥር ያለው የውኃ ማፍሰሻ ኦሪንግ። እዚያም አረፋ ካለ ወደ ኋላ ሂድ፤ የጎማ ቱቦዎቹን ጫፍና የዛገውን የብረት መስመር መርምር።

እኔ የምወደው አቋራጭ አለ። ሳልባትዮውን ሞልተህ መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አድርገህ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ደግፈህ አሳድር፤ ከሥሯ ካርቶን አንጥፍ። ሳልባትዮው ከፓምፑ ከፍ ስለሚል፣ ቀን አየር ያስገባ የነበረው ቀዳዳ ሌሊት ናፍጣ ያንጠባጥባል።

ቀዳዳውን ከዘጋህ በኋላ መስመሩ ውስጥ የቀረውን አየር ማስተንፈሱ ቀላል ነው፦ የእጅ ፓምፑ እስኪጠነክር ምታ፣ የኖዝሎቹን ቱቦ በ17 ቁልፍ አላላ፣ ናፍጣ እስኪወጣ ሞተሪኖውን በየመሐሉ እያሳረፍክ አዙር፣ መልሰህ አጥብቅ። እጅህን ግን ወደሚረጨው ናፍጣ አታስጠጋ። ከኖዝል የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ አለብህ።

ይህ ሁሉ ችግሩን ካልፈታው የመጨረሻው ፈተና ጄሪካን ነው። ንጹሕ ናፍጣ ሞልተህ ከፓምፑ ከፍ አድርገህ አስቀምጥ፣ ቱቦውን በቀጥታ ወደ ፓምፑ መግቢያ አገናኝ፣ ሞተሩን አስነሥተህ ነዳጅ ስጠው። ጄሪካኑ ላይ ደህና ከሠራች ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ ማንም ቢልህ አታስፈታው። ጄሪካኑ ላይም ከደከመች ያን ጊዜ ፓምፑንና ኖዝሎቹን አብረህ ለልኬት ውሰድ፤ ከመፈታታቸው በፊትም ግፊታቸው ተለክቶ እንዲያሳዩህ ጠይቅ።