በአንድ እግር መቆም፦ ከጉራጌ ጭፈራ እስከ ባሌት

(ከሰውነት ማጎልመሻ ዕጩ መምህራን)

በማስተማር ልምምድ ወቅት የገጠመንን እናስቀድም። የጉራጌን ጭፈራ ስናለማምድ አንዲት ተማሪ እግሯን ባነሳች ቁጥር ወደ ጎን ትንገዳገድ ነበር። እኛም «ቀጥ በይ!» እያልን ጮኽንባት። ልጅቷ ቀጥ እላለሁ ብላ ጉልበቷን ቆለፈችና ጭራሽ ወደቀች፤ ክፍሉም ሳቀ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ «አሞኛል» ብላ ዳር ተቀመጠች። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የኛ ነው! ምክንያቱን ሳናውቅ ለማረም ተነስተናልና። ያኔ ያላወቅነውን አጥንተን እነሆ አቅርበናል።

ሀ. ዳሌ ለምን ይዘማል?

በሁለት እግር ስንቆም ክብደታችን ለሁለት ይከፈላል። አንዱን ስናነሳ ግን ዳሌያችን በተነሳው እግር በኩል መውረድ ይጀምራል። ይህን የሚከለክለው በቆመው እግር በኩል ከዳሌ አጥንት ክንፍ እስከ ጭን አጥንት አናት የተዘረጋው የጎን ጡንቻ ነው። እስቲ ሚዛንን እናስብ፤ አንዱ ክንድ ካጠረ በዚያ በኩል የበለጠ ክብደት ያስፈልጋል። የዚህ ጡንቻ ክንድም አጭር ስለሆነ በኃይል መሳብ አለበት። በዚህ የተነሳ በቆመው ዳሌ መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከመላ ሰውነታችን ክብደት ከ2 እጥፍ ይበልጣል። ጡንቻው ከደከመ ዳሌው ይወርዳል። ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪድሪክ ትሬንደለንበርግ ይህን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1895 ገልጾታል።

ለ. ጭፈራውና ባሌቱ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ በመስቀልና በሠርግ የጉራጌን ጭፈራ ያየ ያውቀዋል፦ ጉልበት ይታጠፋል፣ ክብደት ከእግር ወደ እግር በፍጥነት ይሸጋገራል። ስህተት ቢኖር ፍጥነቱ ይሸፍነዋል። በባሌት ግን ዳንሰኛው በአንድ እግር ረግቶ ስለሚቆይ ስህተቱ ይጋለጣል። በባሌት እግር ወደ ውጭ የሚዞረው ከዳሌ መገጣጠሚያ እንጂ ጉልበትን በመጠምዘዝ አይደለም፤ ጉልበት ምንጊዜም ወደ ጣቶች አቅጣጫ ይመለከታል። የሁለቱም ሕግ ግን አንድ ነው። የጉራጌ ጎጆ ምሰሶው ከተንጋደደ ክዳኑ ይዘም የለም እንዴ? የቆመው እግርም ምሰሶ ነው።

ሐ. ልምምድ

1ኛ/ ምርመራ፦ ሁለት ሁለት ሁኑ። አንዱ ከኋላ ሆኖ እጆቹን በጓደኛው ዳሌ አጥንቶች ላይ ያሳርፍ፤ ጓደኛው አንድ እግሩን ለ30 ሰከንድ ያንሳ። የተነሳው ጎን ከወረደ፣ ወይም ደረቱ ወደ ቆመው እግር ከተጋደመ፣ የጎን ጡንቻው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

2ኛ/ መሠረት፦ ተረከዝ፣ የአውራ ጣት ሥርና የትንሿ ጣት ሥር እንደ ሦስት ጉልቻ መሬት ይንኩ። የቆመው ጉልበት ላላ ይበል እንጂ አይቆለፍ።

3ኛ/ ደረጃ ላይ፦ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር ደረጃ ጫፍ ላይ መቆም፤ የተንጠለጠለውን ጎን ዳሌ ቀስ ብሎ ማውረድና ማንሳት። በየጎኑ 10 ጊዜ።

4ኛ/ ጭፈራው በዝግታ፦ ጭብጨባውን አዘግይታችሁ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ እስከ 4 ቁጠሩ። ዳሌው ሳይዘም ሲቀር ወደ 2፣ ከዚያም ወደ እውነተኛው ፍጥነት ተሸጋገሩ።

ሕመም የተሰማው ልጅ ወዲያው ያቁም፤ ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

ጓዶቻችን! «ቀጥ በል» ማለት ትእዛዝ እንጂ ትምህርት አይደለም። የቱ ጡንቻ፣ የቱ አጥንት፣ በየት በኩል የሚለውን የሚያሳይ ነው መምህር። ዳር የተቀመጠችውን ልጅ እኛ ልምምዱ አልቆብን ሳናስነሳት ተመለስን። እናንተ የናንተዎቹን ዳር አታስቀምጧቸው።