ሳያልቅ የተሸጠ ጨዋታ

ልጆች፣ ከእናንተ አንዱ «የተበላሸ ጌም መሸጥ ኃጢአት ነው ወይ?» ብሎ ጠይቋል። ሌሎቻችሁ ሳቃችሁ። እኔ ግን ጥያቄውን ወድጄዋለሁ። ቢቸናም ሆነ ሞጣ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የሚከፍል ልጅ ገንዘቡን ለሰው ቃል እየሰጠ ነው፤ ቃል ባለበት ደግሞ ሕሊና አለ።

በመጀመሪያ ጉድለትንና በደልን እንለይ። አንድ ትልቅ ጨዋታ ብዙ መቶ ሰው ለዓመታት ይደክምበታል፤ ከእንዲህ ያለ ሥራ ስሕተት ፈጽሞ አይጠፋም። እዚሁ አጠገባችን ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ቀን ሲቆጥር የዋለውን ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይሳሳታል፣ ይታረማል። በመሳሳቱ የሚነቅፈው የለም። ቅኔው እንደተሰበረ እያወቀ፣ ከመምህሩ ሸሽጎ በማሕሌት መካከል ቢዘርፈው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በጨዋታው ዓለምም ይህን የመሰለ ሆኗል። የፖላንዱ ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ ሲዲ ፕሮጄክት «ሳይበርፐንክ 2077»ን ታኅሣሥ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ለገበያ አወጣ። ከዚያ በፊት ለገምጋሚዎች የሰጠው በኮምፒውተር የሚሠራውን፣ ደህና የሆነውን ነበር። በፕሌይስቴሽን 4 የሚሄደው ተሸሽጎ ቆየ። ሰዉ ገዝቶ ሲከፍተው ሃንግ ያደርጋል፣ በመካከል ራሱን ይዘጋል። ሳምንት ትንሽ አልፎት የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ከኢንተርኔት መደብሩ አወረደው፤ ለገዢዎችም ገንዘባቸውን እመልሳለሁ አለ። ጨዋታው ወደዚያ መደብር የተመለሰው በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን ነው። በደሉ የት ላይ እንዳለ አያችሁ? ስሕተቱ ላይ አይደለም፤ ደህናውን አሳይቶ ሕመምተኛውን መሸጡ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት፣ ጥር 5 ቀን፣ ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ማርቺን ኢቪንስኪ በቪዲዮ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ውሳኔው የአመራሩ ነው፣ ሠራተኞቹን አትውቀሱ አለ። ይህ መልካም ኑዛዜ ነው። በዚያው ንግግር ግን ፍተሻችን አብዛኛውን ችግር አላሳየንም ነበር ሲል ጨመረ። ኑዛዜ ውስጥ «ግን» ሲገባ የንስሐ አባት ጆሮውን ያቆማል፤ እኔም አቆምሁ።

«በነፃ ከተሰጠስ?» የሚል አይጠፋም። የምታውቁት የእግር ኳስ ጨዋታ ፒኢኤስ ስሙን ለውጦ ኢፉትቦል ሆኖ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲወጣ ነፃ ነበር። የታወቁት ተጫዋቾች ፊት ተጣሞ ለዓለም መሣቂያ ሆነ። ሠሪው ኮናሚ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ያለቀለት ነው ያለውን ያቀረበው ግን ሚያዝያ 6 ቀን ነው። ነቢዩ ሚልክያስን አስታውሱ፤ ዕውሩንና አንካሳውን እንስሳ ለመሥዋዕት ያመጡትን፣ እስቲ ለአለቃህ አቅርበው ብሎ ነው የገሠጻቸው። ስጦታ መሆኑ ዕዳውን ያቀልለዋል እንጂ አያጠፋውም።

አሁን ወደ ከባዱ ደረስን፤ እሱም ካሣ ነው። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል የሚመልሰው ለበደለው ለዚያው ሰው ነበር። የጨዋታ ሠሪ ግን በኋላ ያረመውን በኢንተርኔት ነው የሚልከው፤ አንዳንዱ አፕዴት በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ታውቃላችሁ። ዋርሶ ላይ «ታርሟል» ሲባል እዚህ ያለው ሲዲ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ስለዚህ እርማቱ እውነተኛ ቢሆንም ለእናንተ ገና ካሣ አልሆነም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ነው ይላል፤ ገዢው ኔትወርክ ካለው ብሎ አልወሰነም።

የሩቁን ኩባንያ መውቀስ ይቀላል፤ የቅርቡን እንይ። ፕሌይስቴሽን ቤት የከፈተ ሰው ያ ሲዲ በመካከል እንደሚደርቅ ያውቃል እንበል። ሳይናገር ብር ከተቀበለ ያ የሩቁ በደል እሱም ቤት ገብቷል። አስቀድሞ ይንገር፤ ልጁ ልሞክረው ካለም ይጫወት። ጨዋታው ከደረቀ ያንኑ ዙር ያለ ክፍያ ይድገምለት፣ አለዚያ ብሩን ይመልስ። ለትንሽ ልጅ ደግሞ ሳይጠየቅ ይመልስ፤ ትንሽ ልጅ አፍሮ ዝም ይላልና።