ሁለት ሚዛን በአንድ ስልክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፣ በዐዚዚያና በመላው ሪያድ በየሰው ቤቱና በየሥራው ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣

የዛሬው ትምህርታችን እኛ ክርስቲያኖች በስልካችን ላይ ስለምናደርገው ጠብ፣ ስለ ወገንተኝነትና ስለ አድልዎ ነው። ትምህርቱ የሚመለከተው ራሳችንን ነውና እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አንብቡት።

ከራሳችን ቤት እንጀምር። በቅርቡ በጸሎት ቡድናችን ውስጥ የአንድ ሰባኪ አጭር ቪዲዮ ተላከ። ግማሾቻችን «እውነቱን ተናገረ» አልን፤ ግማሾቻችን «ተሳሳተ» አልን። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ተጻጻፍን። ስድብ ገባበት፣ ከዚያም አንዱ የሌላውን ትውልድ ቀዬ እስከ ማንሣት ተደረሰ። በዚያው ሌሊት በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅታችን፣ ስልኳን የምትይዘው ማዳሟ ከተኛች በኋላ ብቻ የሆነች፣ የእናቷን ስመ ክርስትና ጽፋ «እናቴ በጠና ታማለች፣ በጸሎት አስቡልኝ» ብላ ልካ ነበር። መልእክቷ በእኛ ክርክር ሥር ተቀበረ። በሦስተኛው ቀን አንዲት እኅት ወደ ኋላ ተመልሳ ስታነብ አገኘችው። ደውለን ይቅርታ ስንጠይቃት፣ «ጠብ ላይ ስለነበራችሁ ደግሜ ላስቸግራችሁ አልፈለግሁም» አለችን።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። እዚህ ሀገር ደጀ ሰላም የለንም፣ የቅዳሴ ደወል አንሰማም። ቅዳሴ የምናዳምጠው፣ ስብከት የምንማረው፣ የንስሐ አባታችንን የምናገኘው በዚህችው በእጃችን ባለች ስልክ ነው። ሀገር ቤት ያለ ምእመን በስልኩ ላይ ቢጣላ እንኳ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ደጁን ሊሳለም ይሄዳል። እኛ ግን ስልካችንን የጠብ አደባባይ ስናደርገው፣ የታመመ ሰው ጸሎት የሚለምንበትን ደጅ እየዘጋን ነው።

1. ሁለት ሚዛን ምንድን ነው?

ዐዚዚያ አትክልት ገበያ ቲማቲም ልንገዛ ሄደን፣ ሻጩ ለሀገሩ ልጅ አንድ ሚዛን፣ ለሐበሻ ደግሞ ሌላ ሚዛን ቢያወጣ ምን እንላለን? ሌባ ነው እንላለን። ጠቢቡ ሰሎሞንም ሚዛኑን እንደ ሰዉ ማንነት የሚለዋውጥ ሰው በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ መሆኑን ያስተምረናል (ምሳ. 20፥10)። በሕገ ኦሪትም ፈራጅ ለድኻው አዝኖለት፣ ለባለጸጋውም አፍሮለት ፍርድ እንዳያጣምም ታዝዟል (ዘሌ. 19፥15)። ለድኻ ማዘን መልካም ሲሆን በፍርድ ላይ ግን እርሱም እንኳ ተከለከለ። ይህን ልብ በሉ።

አሁን ወደ ስልካችን እንመለስ። የምንወደው ሰባኪ ሲሳሳት «ንግግሩ ተቆርጦ ነው የቀረበው» እንላለን፤ የማንወደው ሲሳሳት ግን ሙሉውን ሳንሰማ «ድሮም ተኩላ ነው» እንላለን። የእኛ ሰው ሲሳደብ «ለሃይማኖቱ ቀንቶ ነው»፣ የሌላው ሲሳደብ «ክርስትና የሌለው» ይባላል። ደስ የሚለንን ወሬ ሳናጣራ እናጋራለን፤ የማያስደስተን ሲመጣ «ማስረጃ አምጣ» እንላለን። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ ከእኛ አካባቢ ሰው ሲገደል እናለቅሳለን፣ ከሌላ አካባቢ ሲገደል ግን ጣታችን ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ያልፋል። እንግዲህ ቲማቲም ሻጩን ሌባ ካልነው፣ ራሳችንን ምን እንበል?

2. ናታን ስሙን ለምን ደበቀ?

ንጉሥ ዳዊት በኦርዮ ላይ ክፉ በደል በሠራ ጊዜ እግዚአብሔር ነቢዩን ናታንን ላከበት። ናታን ገብቶ «በድለሃል» ብሎ አልጀመረም። ብዙ በጎች ያሉት ባለጸጋ የድኻውን አንዲት በግ ወስዶ እንዳረዳት ተረከለት። ዳዊት ይህን ሲሰማ በቁጣ ነደደ፣ ያ ሰው ሞት ይገባዋል ብሎም ፈረደ። ያን ጊዜ ናታን ያ ሰው አንተ ነህ አለው (2ሳሙ. 12፥1-7)።

ዳዊት ሕጉን ያውቀው ነበር። ፍርዱም የቀና ነበር፤ የቀናው ግን የሰውዬውን ስም ባላወቀ ጊዜ ነው። ስሙ «ዳዊት» መሆኑን ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ምክንያት በደረደረ ነበር። እኛም እንዲሁ ነን። ስም ሳንሰማ ሁላችንም ጻድቃን ፈራጆች ነን። «አንድ ካህን እንዲህ አደረገ» ሲባል እንፈርዳለን። «የየት ሀገር ሰው ነው? የማን ወገን ነው?» ብለን ከጠየቅን በኋላ ግን ፍርዳችን ይዞራል። ዳዊትን ያዳነው ናታን ስሙን በገለጠለት ጊዜ ፍርዱን አለመለወጡ ነው። በሌላ ሰው ላይ የፈረደውን በራሱ ላይ ተቀበለና «በደልሁ» አለ።

3. ጳውሎስ ማንን አስቀድሞ ገሠጸ?

በቆሮንቶስ የነበሩ ክርስቲያኖች በመምህራን ስም ተከፋፍለው ነበር። አንዱ የጳውሎስ ነኝ፣ ሌላው የአጵሎስ፣ ሌላው የኬፋ ይል ነበር። ሐዋርያው ይህን ከቀሎዔ ቤተ ሰዎች በሰማ ጊዜ ሊገሥጽ ተነሣ። እኛ ብንሆን ከአጵሎስ ደጋፊዎች እንጀምር ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ከራሱ ደጋፊዎች ጀመረ፤ ስለ እናንተ የተሰቀለው ጳውሎስ ነውን? ብሎ ጠየቃቸው (1ቆሮ. 1፥11-13)።

በዚሁ መልእክት መጨረሻ ላይ ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምናልፈው ነገር አለ። ጳውሎስ አጵሎስን ወደ ቆሮንቶስ እንዲሄድ አጥብቆ እንደ ለመነው ጽፏል (1ቆሮ. 16፥12)። ሕዝቡ በሁለቱ ስም ሲጣላ ጳውሎስ «ተቀናቃኝ» የተባለውን መምህር «ሂድና አስተምራቸው» ይለው ነበር። እኛም ዛሬ በስማቸው የምንጣላላቸው አባቶች ብዙ ጊዜ በአንድ መቅደስ አብረው ቆመው ይቀድሳሉ። ጠቡ ከእነርሱ አልፎ በእኛ ስልክ ላይ ነው የሚቀጥለው።

4. ቤተ ክርስቲያናችን የከፈለችው ዋጋ

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተለይተው ተሰደዱ፤ በ1984 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። ከዚያ በኋላ ሲኖዶሱ «የሀገር ቤት» እና «የስደት» ተባለ። በባሕር ማዶ ያሉ አጥቢያዎችም ለሁለት፣ «ገለልተኛ» የተባሉት ሲጨመሩ ለሦስት ተከፈሉ። በአንድ ከተማ የሚኖሩ፣ አንድ ሥጋና ደም የሚቀበሉ ምእመናን ለሰርግና ለለቅሶ እንኳ መጠያየቅ ያቆሙበት ዘመን ነበር። እግዚአብሔር ፈቅዶ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዕርቁ በዋሽንግተን ተፈጸመ፣ አቡነ መርቆሬዎስም በዚያው ወር ወደ ሀገራቸው ገቡ። አባቶች ታረቁ። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ያለ ይቅርታ የሞቱትን ምእመናን ግን ማን ይመልሳቸዋል?

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ጥር 14 ቀን በወሊሶ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ቅዱስ ሲኖዶስ ጥር 18 ቀን ሹመቱን ሽሮ አወገዘ። በሻሸመኔ የምእመናን ደም ፈሰሰ። ከጥር 29 ቀን ጀምሮ የነነዌን ጾም ጥቁር ለብሰን ጾምን፣ አለቀስንም። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ላይ ተደረሰ ተብሎ ሲነገር ብዙዎቻችን በእንባ አመሰገንን።

በዚያ ሰሞን የሠራነውን እናስታውስ። ሕገ ቤተ ክርስቲያን ይከበር ማለታችን ትክክል ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ጉዳዩን ትተን የሰውን ቋንቋና ነገድ የሰደብነው? በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማርና ማስቀደስ የሚፈልገውን የዋህ ምእመን ሁሉ ከጥፋተኛ ጋር ደምረን የፈረድነው? በሌላው በኩልስ «የእኛ ወገን ናቸው» ብለን የቀኖና ጥሰቱን እንዳላየን ያለፍነው? በየካቲት መጀመሪያ በሀገር ቤት ቴሌግራምና ፌስቡክ ሲገደቡ በውጭ ያለነው ስልካችን ክፍት ነበር። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የተጻፈው ክፉ ቃል ሁሉ ከእኛ የራቀ አይደለም።

የቆምንባት ምድር ራሷ ትመሰክርብናለች። ከሪያድ ወደ ደቡብ፣ በዚሁ ሀገር ውስጥ ናግራን አለች። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ ያሉ ክርስቲያኖች ስለ እምነታቸው ሲታረዱ፣ ዐፄ ካሌብ ከአክሱም ጦሩን ይዞ ባሕር ተሻገረ። የናግራን ሰዎች ነገዱ አልነበሩም፣ ቋንቋቸውም የእርሱ ቋንቋ አልነበረም። «ክርስቲያኖች ናቸው» መባሉ ብቻ በቃው። እኛ የእርሱ ልጆች ነን እያልን የሞተውን ወንድማችንን «የየት ዞን ሰው ነው?» ብለን ከጠየቅን፣ የማን ልጆች ነን?

5. ታዲያ ዝም እንበል?

አንዳንዶቻችሁ «ሃይማኖት ሲነካ፣ ግፍ ሲሠራ ዝም ልንል ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ቅዱስ ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተቃውሞታል (ገላ. 2፥11-14)። ለምን? ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር አብሮ ይበላ ነበርና፣ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕድ ስለ ተለየ ነው። ተግሣጹ የመጣው በዚያው በሁለት ሚዛን ምክንያት ነበር። ጳውሎስ ግን ፊት ለፊት ተናገረው እንጂ የጴጥሮስ ጠላት ቡድን አላቋቋመበትም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅንም እናስብ። በቁስጥንጥንያ አውትሮፒዮስ የሚባል ኃይለኛ ባለ ሥልጣን ነበር። ተበድለው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሸሹ ሰዎች በዚያ እንዳይጠለሉ ሕግ አውጥቶ፣ አፈወርቅም አጥብቆ ተቃውሞት ነበር። በ399 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አውትሮፒዮስ ከሥልጣን ወደቀና ራሱ ሮጦ ከመሠዊያው ሥር ተጠለለ። ሕዝቡና ወታደሩ «ይሙት» እያሉ ጮኹ። አፈወርቅ ትዕቢቱን በግልጥ ገሠጸው፣ ነገር ግን ለገዳዮች አሳልፎ አልሰጠውም። ለወዳጆቹ የጠየቀውን ምሕረት ለጠላቱም ጠየቀለት። እውነትን መናገርና በአንድ ሚዛን መመዘን አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን።

6. ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንደ ናታን ስሙን እንደብቅ። ማንኛውንም ነገር ከማጋራታችን በፊት «ይህን ያደረገው የምወደው አባት፣ የሀገሬ ልጅ ቢሆን ይህንኑ እጽፍ ነበር?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። መልሱ «አልጽፍም» ከሆነ ስልኩን እናስቀምጥ።

ሁለተኛ፣ እንደ ጳውሎስ ከራሳችን ወገን እንጀምር። ከእኛ ጋር የሚስማማው ሰው ሲሳደብ አስቀድመን የምንገሥጸው እኛ እንሁን። የሌላውን ወገን የሚገሥጽ አይጠፋም።

ሦስተኛ፣ የጌታን ሥርዓት እንጠብቅ። ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ ለብቻው፣ ከዚያ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን እንድትነግር ታዝዟል (ማቴ. 18፥15-17)። እኛ ከመጨረሻው ጀምረን እንኳ አናውቅም፤ የምንጀምረው ከዓለም ሁሉ ፊት ነው። በቡድኑ ውስጥ የተቀየምነውን ሰው ለብቻው በድምፅ እንደውልለት። በጽሑፍ የከረረ ነገር በድምፅ ብዙ ጊዜ ይላላል።

አራተኛ፣ የትምህርተ ሃይማኖት ጥያቄ ሲያጋጥመን የንስሐ አባቶቻችንንና መምህራንን እንጠይቅ። የቤተ ክርስቲያን ውሳኔ የተባለ ወሬ ሲመጣም ከጠቅላይ ቤተ ክህነት በይፋ እስኪነገር እንታገሥ። አንድ ቀን ዘግይቶ እውነትን ማጋራት ቀድሞ ሐሰትን ከማጋራት ይሻላል።

አምስተኛ፣ ልንወቅሰው ያሰብነውን ሰው አስቀድመን በጸሎት እናስበው። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞለት ከዚያ በኋላ የሚሳደብ ሰው እምብዛም አይገኝም።

እኛም በቡድናችን ይህን ተስማምተናል፦ የጸሎት ልመና ሲገባ ክርክር ሁሉ ወዲያው ይቆማል። ሁሉም ያለበት ቦታ ሆኖ፣ በማዕድ ቤትም ይሁን በመኪና ውስጥ፣ ስሙን ጠርቶ ይጸልያል። ያች እኅታችን አሁንም ከእኛ ጋር ናት። እናቷም በእግዚአብሔር ቸርነት ተሽሏቸው ከአልጋ ተነሥተዋል። ከእኛ መካከል ግን ያን ሌሊት የተቀያየሙ ሁለት ወንድሞች ገና አልተነጋገሩም። ይህን ጽሑፍ ሁለቱም እንደሚያነቡት እናውቃለን። ወንድሞቻችን፣ ጌታ መባችሁን በመሠዊያው ፊት ትታችሁ አስቀድማችሁ ሂዱና ታረቁ ብሏችኋል (ማቴ. 5፥23-24)። ከሁለት አንዳችሁ ዛሬ ማታ ደውሉ።

አምላካችን እግዚአብሔር በስደት ያለነውን ልጆቹን በአንድ ልብ ይሰብስበን፣ ለቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን አንድነትን፣ ለሀገራችን ሰላምን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።