ገበር፣ ሸራ፣ ግድግዳ፦ «ላይኒንግ» የሚለውን ቃል ስንተረጉም

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ የክፍል ውስጥ ሳቅ ነው። ባለፈው ሴሚስተር በዜና ትርጉም ክፍለ ጊዜ አንድ የእንግሊዝኛ የአደጋ ዜና ተሰጠንና ወደ አማርኛ መልሱ ተባልን። ዜናው አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ የተገለበጠው «ብሬክ ላይኒንጉ» አልቆ ስለነበረ ነው ይላል። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ «ላይኒንግ» ገበር ነው። ደስ ብሎኝ «የመኪናው የፍሬን ገበር አልቆ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ተነስቼ ሳነበው ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ፍሬኑ ኮት ለብሶ ነበር እንዴ?» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባቱ ሹፌር ነው። በኋላ ሲያዝንልኝ ጠጋ ብሎ «የፍሬን ሸራ ነው የሚባለው» አለኝ።

የሚያናድደው ቃሉን አውቀው ነበር። የደብረ ማርቆስ ልጅ ሆኖ ሸራ የማያውቅ የለም። አዲስ አበባ ስንሄድ ከደጀን በኋላ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ አውቶቡሱ ውስጥ የመቃጠል ሽታ ሲገባ ስንቴ «ሸራው ነው፣ ሸራው ነው» ሲባባሉ ሰምቻለሁ! ሹፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ብቻ ከወረደ ሸራው ከሚዞረው ብረት ጋር እየተፋተገ ይግላል፤ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ለዚህ ነው ነባር ሹፌሮች ገና ከላይ ማርሹን ቀንሰው በሞተር ጉልበት የሚወርዱት። ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣም፤ በመኪና ዘመን መጀመሪያ ይህ ነገር ከተሸመነ ጨርቅ ይሠራ ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ጆሮ ይዤ እንግሊዝኛው ፊቴ ሲቆም መዝገበ ቃላት ውስጥ ተደበቅኩ።

ከዚያ ወዲህ ቃሉን መከታተል ጀመርኩ። የእንግሊዝኛው ቃል የመጣው ከተልባ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ፈረንጆቹ ከተልባ አገዳ ክር ፈትለው ጨርቅ ይሠሩ ነበር፤ የልብስን ውስጥ የሚያለብሱትም በዚያ ጨርቅ ስለነበር ማልበሱ በጨርቁ ስም ተጠራ። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የተልባ እግር» የሚለውም ይህንኑ ጨርቅ ነው። በእኛ አገር ያው ተልባ ይበቅላል፣ ግን የምንፈልገው ፍሬውን ነው፤ ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በጥብጠን እንጠጣዋለን። እነሱ ለበሱት፣ እኛ ጠጣነው።

የእኛ ገበር ደግሞ የልብስ ነው። ካባ ገበር አለው፣ ኮት ገበር አለው። ልብስ ሰፊዎች «ፎደራ» ሲሉ ትሰማላችሁ፤ ከጣሊያንኛ የቀረ ቃል ነው። ጋቢ ግን ገበር የለውም። የተደራረበ ነው፣ ነገር ግን ድርቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ውስጡና ውጪው አይለይም። ገበር ለመባል ውስጡ ከውጪው የተለየ፣ ብዙ ጊዜም ርካሽ መሆን አለበት። ጎጃም ቅኔ አገር ስለሆነ ሰምና ወርቅን ከገበር ጋር የሚያመሳስል ሰው አይጠፋም። እኔ አይመስለኝም፤ በቅኔ ውድ የሆነው ወርቁ ውስጥ ነው ያለው፣ በካባ ግን ወርቁ ውጪ ነው።

እንግሊዞቹም አንዳንዴ ውዱን ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ገጣሚው ጆን ሚልተን በ1634 (እ.ኤ.አ.) ለመድረክ ባቀረበው ሥራ ውስጥ ጥቁር ደመናን የብር ገበር አለበሰው። ዛሬ ጋዜጠኞቻቸው ከክፉ ነገር ውስጥ በጎ ሲያገኙ ይህንኑ የብር ገበር ያነሳሉ። እኛ «የብር ገበር» ብለን ብንጽፍ አንባቢ የሚያስበው የቄስ ካባ ነው። «ለበጎ ነው» የሚል አገር እያለን ምን አስጨነቀን? በሙስና ዜና ላይም «ኪሱን ገበር አደረገ» የሚመስል ነገር ያጋጥማል፤ «ኪሱን አደለበ» ነው የእኛ።

የሕክምናው ግን ቀልድ አይደለም። ሰው «ጨጓራ አለብኝ» ሲል የአካሉን ስም ለበሽታው ሰጥቶ ነው፤ የታመመው የጨጓራው የውስጥ ግድግዳ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ይህን ግድግዳ እንደሚያቆስል በማሳየታቸው በ2005 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። «የጨጓራ ግድግዳ» ቢባል ማንም ይገባዋል።

ያልገባት አክስቴ ናት። ከከተማ ወጣ ብላ ነው የምትኖረው። አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ልጇ ስለ ወር አበባ የሚያስረዳ ወረቀት ይዛ ወደ ቤት ገባች። ማን እንዳዘጋጀው ይቅር። ከእንግሊዝኛ እንደተተረጎመ ግን ያስታውቃል፤ «የማህፀን የውስጥ ገበር በየወሩ ይፈርሳል» ይላል። ልጅቱ አነበበችላት። አክስቴ በሚቀጥለው ቀን ውኃ እንዳትቀዳ ከለከለቻት፣ ትምህርት ቤትም አስቀረቻት። ቅዳሜ እኔ ስደርስ ሦስት ቀን ሆኗታል።

«አንቺ ልጅ፣ ተምረሻል፤ ይቺ ልጅ ውስጧ ተተርትሮ ሊያልቅ ነው ወይ?» አለችኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። የእኔው የፍሬን ገበር ነው! ማህፀን ጽንስ ይመጣል ብላ በየወሩ ውስጧን እንደምታዘጋጅ፣ ጽንስ ሳይመጣ ሲቀር ያ ያዘጋጀችው ከደም ጋር እንደሚወጣ፣ ከዚያም እንደገና እንደምትጀምር ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ሳቀች።

«እንግዳ ይመጣል ብላ አጎዛ ታነጥፋለች፣ እንግዳው ሲቀር ታነሳዋለች በይኛ!»

ከዚህ የተሻለ ትርጉም እኔም መዝገበ ቃላቱም አላገኘንም። ወረቀቱ ላይ «ገበር» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዤ የአክስቴን አጎዛ ከጎኑ ጻፍኩት። ሰኞ ልጅቱ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ወረቀቱንም ለጓደኞቿ ልታሳይ ይዛው ነበር።