«ሰሊጡ ይሸጥና» የሚባል ቀጠሮ

በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ብዙ ወገናችን ከመተማ በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች ይሻገራል። ሥራው ሲያልቅ ግን አንዳንዱ በገንዘብ ፈንታ ቀጠሮ ይዞ ይመለሳል፤ «ሰሊጡ ይሸጥና እከፍልሃለሁ» ይባላል። ዘንድሮ በሥነ ዜጋ ትምህርታችን ይህን ቀጠሮ ሕግ እንዴት እንደሚያየው አጥንተናል።

መጀመሪያ በመተማ በኩል የሠራውን ሰው እንውሰድ። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ሲቋረጥ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት እንዲፈጸም ያዛል። ለሚያዘገይ አሠሪ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል። ሠራተኛው ሲከስ የዳኝነት አይከፍልም፤ ውሉ በቃል መሆኑም መብቱን አያስቀረውም።

ችግሩ ጊዜው ነው። የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ከዚያ ወዲያ አሠሪው «ጊዜው አልፏል» ብሎ መከራከር ይችላል። እስኪ እንቁጠር። አጨዳው ኅዳር 10 ቢያልቅ 6 ወሩ ግንቦት 10 ይሞላል። «ለአረም ስትመጣ ትወስዳለህ» የተባለው ሰው የሚመጣው ግን በሐምሌ ነው! እርግጥ አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ካመነ ይርጋው ይቋረጣል። ነገር ግን በቃል ያመነውን በሐምሌ ቢክድ ማን ይመሰክራል? አብረው ያጨዱት በየአገራቸው ተበትነዋል።

በገዳሪፍ በኩል መንገዱ ይበልጥ ይጠባል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የሱዳን የሥራ ሕግ አብዛኛውን የእርሻ ሠራተኛ አይሸፍንም፤ የእርሻ ማሽን የሚያንቀሳቅሱትንና የሚጠግኑትን ግን ይሸፍናል። ስለዚህ ትራክተር ነጂው በሕጉ ሥር ሲሆን፣ በዚያው ማሳ በማጭድ የሚያጭደው ውጭ ነው። ይህ ለእኛ ትክክል አይመስለንም። ለአጫጁ የሚቀረው እንደ ማንኛውም ገንዘብ ጠያቂ በውሉ መክሰስ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ደግሞ ያንንም ይፈራል።

በሁለቱም ወገን ክርክሩ የሚዞረው በአንዲት ወረቀት ላይ ነው። የባለ እርሻው ሙሉ ስም፣ የእርሻው ቦታ፣ የተስማሙበት ዋጋ፣ ሥራው የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ የተከፈለውና የቀረው ገንዘብ ይጻፍባት። በገዳሪፍ ከሆነ በዐረብኛ ቢሆን ይሻላል። የካቦው ፊርማ ብቻውን አይበቃም፤ የባለ እርሻው ወይም የወኪሉ ይጨመርበት። መጻፍ ለማይችሉ ወላጆቻችን እኛ እንጽፍላቸዋለን፤ የምታስፈልገው ግን ሠራተኛው ገና ሳይበተን ነው።