መስፈርና መመዘን
ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ቋንቋችን እህልን በዕቃ መለካትን «መስፈር»፣ በሚዛን መለካትን «መመዘን» ብሎ ለይቶ ይጠራል። መስፈሪያ የሚነግረን እህሉ የያዘውን ቦታ ነው፤ ሚዛን የሚነግረን ግን ክብደቱን ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚቆጥር ሰው በገበያ ገንዘቡን፣ በማድ ቤት ድካሙን ያጣል።

በትምህርታችን እንዳየነው 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከዚህ ተነሥቶ 1 ሊትር የሚይዝ ጣሳ ምንም ቢሞላበት 1 ኪሎ የሚሆን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በፍሬና በፍሬ መካከል አየር አለ። ዱቄት ብዙ አየር ስለሚይዝ ይቀላል፤ ጨው ግን ራሱ ከባድ ማዕድን ነውና አየር ቢኖርበትም ከውሃ ይበልጣል። እስከ አፉ ሞልቶ በቢላዋ ጀርባ የተስተካከለ 1 ሊትር በግምት እንደሚከተለው ይመዝናል፤

የስንዴ ዱቄት (ሳይጠቀጠቅ) ፦ 530 ግራም
ምስር ፦ 800 ግራም
ስኳር ፦ 850 ግራም
ደቃቅ ጨው ፦ 1200 ግራም

ስሌቱ ቀላል ነው። ሊትሩን በ1 ሊትር ክብደት ብናባዛ ክብደቱን እናገኛለን፤ ክብደቱን ለ1 ሊትር ክብደት ብናካፍል ደግሞ ሊትሩን እናገኛለን።

1ኛ ምሳሌ። ለዳቦ 1 ኪሎ ዱቄትና 20 ግራም ጨው ታዘዘ እንበል። 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ 106 ግራም ዱቄት ይይዛል። ስለዚህ 1 ኪሎ ለመሙላት 9 ብርጭቆ ተኩል ገደማ ያስፈልጋል። «5 ብርጭቆ 1 ሊትር ነው፤ 1 ሊትርም 1 ኪሎ ነው» ብሎ 5 ብርጭቆ ብቻ የሰፈረ ሰው ያቦካው 530 ግራም ነው። ጨውን ግን እንደ ትእዛዙ ከጨመረ ዳቦው እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀረው ጨው ይኖረዋል።

2ኛ ምሳሌ። አንዱ ነጋዴ 1 ሊትር የሚይዝ ጣሳ ምስር በ120 ብር፣ ሌላው 1 ኪሎውን በ140 ብር ይሸጣሉ እንበል። ጣሳው የረከሰ ይመስላል። ሆኖም 120 ለ0.8 ሲካፈል 150 ነው። እንግዲህ በጣሳ የገዛው ሰው በኪሎ 10 ብር አብልጦ ከፍሏል።

ይሁን እንጂ ከላይ የተጻፉት ቁጥሮች ግምት ናቸው። የተነፋ ዱቄት ይቀላል፣ የተጠቀጠቀ ይከብዳል፤ ተቆልሎ የተሰፈረም ከተስተካከለው ይበልጣል። ስለዚህ በየቤቱ የራስን ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ይሻላል። ሚዛን ባይኖርም ዘዴ አለ፤ ከሱቅ 1 ኪሎ አስመዝኖ መግዛት፣ ቤት ሲደርሱ ዘወትር በሚሠሩበት ብርጭቆ አስተካክሎ መስፈር፣ የብርጭቆውንም ቁጥር ጽፎ በማድ ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። ለዱቄት፣ ለሽሮ፣ ለበርበሬና ለስኳር አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደረግ ለዓመታት ያገለግላል።

አባቶቻችን «በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ቁናው ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ለቤተሰቦቻችን አስልተን ብናሳይ ትምህርታችን ከደብተር አልፎ ለቤታችን ይጠቅማል።